የመክሰስ ሰዓት ሻይ ቤት፤ ስለ ደንበኛ አያያዝ የቀረበ ትምህርት

ንግድ ሸቀጥን በገንዘብ መለወጥ ብቻ አይደለም። ገዢው በከፈለው ገንዘብ ልክ ያሰበውን ነገር አግኝቶ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲሄድና በሌላ ቀን ተመልሶ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ንግዱ በሚገባ ተፈጸመ ይባላል። ይህ እውነት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በሻይ ቤት ነው። ጨርቅ የገዛ ሰው የጨርቁን ክፋት ምናልባት ከአንድ ወር በኋላ ያውቅ ይሆናል፤ የቀዘቀዘ ሻይ የቀረበለት ሰው ግን ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ ባስጠጋ ጊዜ ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ የሻይ ቤት ሥራ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለ ሱቁም ትምህርት የሚሰጥ ሥራ ነው። ከዚህ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙትን የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ሁኔታ መነሻ በማድረግ፣ ከቀትር በኋላ ሻይ ሊጠጣ የገባ ደንበኛ ስለ ምን ቅር ብሎት እንደሚወጣና ጉድለቱ በምን መንገድ እንደሚታረም በየተራው ይገለጣል።

1. የሦስቱ ከተሞች ዕድልና ፈተና

ሰበታ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በጅማ መንገድ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙ ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች አሉባት። በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር ሐዲድም በኢትዮጵያ በኩል መነሻው ሰበታ ነው። ቡራዩ በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ወለጋ የሚወርደውንና ከዚያ የሚወጣውን መንገደኛ ታሳልፋለች፤ የገፈርሳ የውኃ ግድብም በአጠገቧ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጋራ ባሻገር በሰሜን በኩል በጐጃም መንገድ ላይ ትገኛለች። በወተት ላሞቿና በሣር ሜዳዋ የታወቀች ስትሆን፣ ከፍታዋ ለሩጫ ልምምድ ስለሚመች ከአገር ውስጥም ከውጭ አገርም ሯጮች ይመጡባታል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር፣ ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል።

እነዚህ ከተሞች በአገሪቱ ታላላቅ መንገዶች አፍ ላይ መቀመጣቸው ለሻይ ቤትና ለምግብ ቤት ባለቤቶች ትልቅ ዕድል ነው። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ቅዳሜና እሑድ አየር ሊቀበል ከአዲስ አበባ የሚወጣው ቤተ ሰብ፣ ሁሉም በበራቸው ያልፋል። ነገር ግን ዕድሉ ፈተናም አለበት። ዋናው ከተማ ቅርብ ስለ ሆነ፣ በሰበታ ቅር ያለው ደንበኛ ጥቂት ታግሦ ሻዩን አዲስ አበባ ገብቶ ይጠጣዋል። ስለዚህ የሰበታ ሻይ ቤት የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ሻይ ቤት ጋር ብቻ ሳይሆን ከፒያሳና ከቦሌ ኬክ ቤቶችም ጋር ነው። ይህን ያላስተዋለ ባለ ሻይ ቤት፣ በበሩ የሚያልፈው ሰው ብዛት አታሎት፣ ደንበኛ እንደማይጐድልበት ያስባል። የሚያልፍ ሰው ግን ገና ደንበኛ አይደለም፤ ደንበኛ የሚባለው የተመለሰው ነው።

2. ስለ መክሰስ ልማድ

ከቀትር በኋላ ሻይ የመጠጣት ሥርዐት በዓለም ላይ በይበልጥ የታወቀው በእንግሊዞች ነው። በ1840ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት የነበሩት አና የተባሉት እመቤት፣ በምሳና በራት መካከል ያለው ጊዜ ስለ ረዘመባቸው፣ ሻይና ቀለል ያለ ምግብ እያስመጡ ወዳጆቻቸውን መጋበዝ ጀመሩ፤ ከዚያም ልማዱ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ ይባላል። በኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። መክሰስ የሚለው ቃል ራሱ፣ በምሳና በራት መካከል የሚቀመስ ነገር ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ቈሎው፣ ዳቦው፣ አምባሻው፣ እስከ በረካ የሚደርሰው ቡና፣ እነዚህ ሁሉ የኢትዮጵያ የከሰዓት በኋላ ግብዣ ናቸው።

የአገሩ ሰው እንግዳ አቀባበልም የተመሰገነ ነው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ውኃ ያስታጥባል፤ «ብሉልኝ፣ በሞቴ» ብሎ ይለምናል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም፣ እንግዳን የሚያጠግበው ከምግቡ አስቀድሞ የአስተናጋጁ ገጽ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ በቤቱ ይህን የመሰለ ሥርዐት ያለው ሕዝብ፣ በሻይ ቤት ሲሆን ስለ ምን አስተናግዶ ማስደሰት ያቅተዋል? ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልሱ በከፊል ከታሪክ ይገኛል። በአዲስ አበባ በዘመናዊ መልክ የተሠራው የመጀመሪያው ሆቴል፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእቴጌ ጣይቱ የተከፈተው ሆቴል ነው። እንደሚተረከው፣ በዚያ ዘመን ገንዘብ ከፍሎ በአደባባይ መብላት ነውር ሆኖ ይታይ ስለ ነበረ፣ ሰው ወደ ሆቴሉ መግባት አፍሮ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ ከተመገቡ በኋላ ሒሳቡን በመክፈል ለሌላው አርአያ ሆኑ ይባላል። በቤት ያበላ ሰው ክብር ያገኛል፤ በሆቴል ያበላ ግን አገልጋይ ተብሎ ይናቅ ነበር። ይህ አስተያየት እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። አሳላፊነትን ሌላ ሥራ እስኪገኝ ድረስ የሚቈዩበት ማረፊያ አድርጎ የሚመለከት ወጣት ብዙ ነው፤ ሠራተኛውን እንዲሁ የሚመለከት ባለቤትም አይጠፋም። ሥራው የተናቀ ከሆነ ደግሞ ማንም ተግቶ አይማረውም።

3. ደንበኛው ቅር የሚለው በምንድን ነው?

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ መስጠት ይጠቅማል። አንድ ላኪ ከባሕር ማዶ የመጣውን ገዢ ይዞ በጅማ መንገድ ያለውን የአበባ እርሻ አሳይቶ ሲመለስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ከአንድ ሻይ ቤት ገባ እንበል። ጠረጴዛው ከቀድሞው ደንበኛ የቀረ ስኳርና ፍርፋሪ አለበት። አሳላፊዋ ከባንኮኒው አጠገብ ከጓደኛዋ ጋር ትጫወታለች። ከ10 ደቂቃ በኋላ መጥታ ምንም ሳትናገር ትቆማለች። ላኪው ሁለት ሻይና ሁለት ኬክ ያዛል። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣

«ልጄ፣ ያዘዝነው ዘገየ እኮ» ቢላት፣

«እየመጣ ነው ጋሼ» ትላለች።

ሻዩ ሲመጣ ለብ ብሏል፤ ከጧት ጀምሮ እሳት ላይ ስለ ዋለ ደግሞ መሯል። ኬኩ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አልቋል፤ ማለቁ የተነገረው ግን አሁን ነው። የመጣውም ኬክ የትናንት ስለ ሆነ ዳር ዳሩ ደርቋል። ሒሳቡም ሲመጣ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ዋጋ ይበልጣል። ላኪው ከእንግዳው ፊት መከራከር ስለሚያሳፍረው ዝም ብሎ ከፍሎ ይወጣል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሰባት ጉድለቶች ይቈጠራሉ። እነርሱም፣ ያልተጠረገ ጠረጴዛ፣ ያለ ሰላምታ መቀበል፣ መዘግየት፣ የሻዩ መበላሸት፣ የኬኩ መሰንበት፣ የሌለው ነገር በጊዜው አለመነገሩና የዋጋው አለመግለጥ ናቸው። ከሰባቱ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አንድም የለም። ሆኖም ከሁሉ የሚከፋው ስምንተኛው ነገር ነው፤ ይኸውም የደንበኛው ዝምታ ነው። የኢትዮጵያ ሰው በይሉኝታ የተያዘ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቅሬታውን ለባለቤቱ አይናገርም። ለባለቤቱ ያልነገረውን ግን ለወዳጆቹ ይነግራል። ስለዚህ ማንም አልከሰሰኝምና ቤቴ ደኅና ነው የሚል ባለ ሻይ ቤት ራሱን ያታልላል።

4. ስለ ሻዩ አፈላል

የሻይ ቅጠል በኢትዮጵያ ይበቅላል። በኢሉባቦር የጉማሮ፣ በከፋ በቦንጋ አጠገብ ደግሞ የውሽውሽ የሻይ እርሻዎች የታወቁ ናቸው። የውሽውሽ ቅጠል በጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በሰበታ በኩል ያልፋል። ቅጠሉን የሚለቅመው፣ የሚያደርቀውና የሚያሽገው ሰው ሁሉ የደከመበት ነገር በመጨረሻ የሚፈረደው በአንዲት ብርጭቆ ሲሆን፣ ያችን ብርጭቆ የሚያበላሽ ሰው የብዙ ሰዎችን ድካም ያበላሻል።

የሻይ መበላሸት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ሳይሆን ውኃውና ጊዜው ነው። በመጀመሪያ የአገሩ ከፍታ ይታሰብ። ውኃ በባሕር ዳርቻ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከፍታው በየ300 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ በምትለው በሱሉልታ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥቁር ሻይ መዓዛውንና ቀለሙን በሚገባ የሚሰጠው በጣም በጋለ ውኃ በመሆኑ፣ በእነዚህ ከተሞች ያለች ጥቂት ሙቀት እንኳ መባከን የለባትም። ስለዚህ፣

ሀ) ማንቈርቈሪያውና ብርጭቆው አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ይለቅለቅ፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ የሻዩን ሙቀት ወዲያው ይወስዳልና።

ለ) ቅጠሉ ውስጥ የሚፈሰው ውኃ በዚያው ጊዜ የፈላ እንጂ በፔርሙዝ የዋለ አይሁን።

ሐ) ማንቈርቈሪያው ይከደን፤ ቅጠሉም ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይቈይ። ለናሙና ቅምሻ የወጣው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መመሪያ ቁጥር 3103፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 2 ግራም ቅጠል ተጨምሮ 6 ደቂቃ እንዲቈይ ያዛል። ይህ ለሻይ ቀማሾች የተሠራ ስለ ሆነ ጠንከር ያለ ነው፤ ለባለ ሻይ ቤት ግን መነሻ ይሆነዋል።

መ) ጊዜው ሲደርስ ቅጠሉ ይጠለል። ቅጠሉ በውኃው ውስጥ በዋለ ቁጥር አፍ የሚያጣብቀው መራራ ነገር እየወጣ ይሄዳል፤ ስኳር ቢጨመርበትም አይሸፈንም።

ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ለብቻቸው ቀደም ብለው ቢፈሉ መልካም ነው። ቅመም ረጅም ጊዜ በመፍላት ይጣፍጣል፤ ቅጠል ግን በመፍላት ይመራል። ሁለቱን በአንድ ድስት ጨምሮ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ማዋል የተለመደ ቢሆንም፣ ሁለቱንም ማበላሸት ነው። የቅመሙን ውኃ አዘጋጅቶ፣ ደንበኛ ባዘዘ ጊዜ በአዲስ ቅጠል ላይ የሚያፈስ ቤት፣ ሳይደክም የተሻለ ሻይ ያቀርባል፤ ቅጠልም አይባክንበትም።

ማኪያቶና ቡና በማሽን ሲወጣ ነገሩ ይለያል። ማሽኑ ውኃውን በግፊት ስለሚያወጣው ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። የማሽኑ ጠላት እድፍና ዝገት ነው። የወተቱ ማሞቂያ ቧንቧ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ በኋላ ካልተጠረገ፣ በላዩ የደረቀው ወተት የሚቀጥለውን ሁሉ ያሸትተዋል። የሱሉልታ ወተት የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ከቆሸሸ ቧንቧ አያመልጥም።

5. ስለሚበላው ነገር

ኬክ ጋጋሪዎች በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ይዘው ሲጋግሩ፣ ኬኩ ቶሎ ኩፍ ብሎ መኻሉ ይሰምጥባቸዋል። ብዙዎች ምክንያቱን በዱቄቱ ወይም በምድጃው ያመካኛሉ። ዋናው ምክንያት ግን የአየሩ ግፊት ማነስ ነው። ግፊቱ ስላነሰ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ከልክ በላይ ይነፋል፤ ኬኩም ሳይጠነክር ይወድቃል። ውኃውም ቶሎ ስለሚተን ኬኩ ይደርቃል። በ2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ባለ ከፍታ የሚጋግር ሰው ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል ቢቀንስ፣ ስኳሩንም ጥቂት ቢያሳንስ፣ ውኃውን ወይም ወተቱን ጥቂት ቢጨምርና የምድጃውን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ቢያደርግ ይጠቀማል። ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሞክሮ ውጤቱን በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል።

ዳቦን በፍሪጅ ማስቀመጥም ስሕተት ነው። ዳቦ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ከውጭ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በመሶብ ወይም በሣጥን ቢቀመጥ ይሻላል። ክሬም ያለበት ኬክ፣ ሥጋ ያለበት ሳምቡሳና ወተት ግን በውጭ መዋል የለባቸውም። የዓለም የጤና ድርጅት ስለ ምግብ ደኅንነት በሰጠው ምክር፣ የበሰለ ምግብ በውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቈየት እንደሌለበት፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱም ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ መጠበቅ እንደሚገባው ገልጧል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ለዐይን ማማለያ የተደረደረ የክሬም ኬክ ይህን ምክር ይቃረናል።

የጾም ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በሌሎችም አጽዋማት ብዙ ደንበኛ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያለበትን ነገር አይቀምስም። «የጾም ነው» ተብሎ የተሸጠ ዳቦ ወተት ያለበት ሆኖ ቢገኝ፣ ደንበኛው የሚያዝነው በገንዘቡ ሳይሆን በሃይማኖቱ ነው። ስለዚህ አሳላፊው ያላወቀውን ከጋጋሪው ጠይቆ ይመልስ እንጂ በግምት አይናገር።

6. ስለ አስተናጋጁና ስለ ባለቤቱ

ሥራውን ለሚማር ሰው ትምህርት ቤት አልታጣም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛ ብዙ ባለሙያዎችን አውጥቷል። በየከተማው ያለ ትንሽ ሻይ ቤት ግን ሠራተኞቹን ሁሉ ወደዚያ መላክ አይችልም፤ ስለዚህ አስተማሪው ባለቤቱ ራሱ ሊሆን ይገባል። የሚያስተምረውም ጥቂት ነገር ነው። ደንበኛ ሲገባ ወዲያው ሰላም ማለት፣ ጠረጴዛውን ከመቀመጡ በፊት መጥረግ፣ የታዘዘውን ደግሞ ማሰማት፣ የሌለውን ገና ሲታዘዝ መናገር፣ የሚዘገየውንም የሚዘገይበትን ጊዜ መግለጥ ነው።

ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ያለችው አሳላፊ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኬኩ አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ ትኩስ ሳምቡሳ ግን አሁን ወጥቷል፤ ላምጣልዎት?» ብትል ኖሮ፣ የኬኩ ማለቅ እንደ ጥፋት አይቈጠርም ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜም እንዲሁ ነው። ማሽኑ መቆሙን ደንበኛው ሲገባ ቢነገረው በጀበና የተፈላ ቡና ወይም ሻይ ያዝዛል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢነገረው ግን ጊዜው እንደ ተሰረቀ ይቈጥረዋል።

የአስተናጋጁ ትሕትና የሚዘልቀው የባለቤቱ ፍትሕ ሲኖር ነው። ደመወዙ የሚዘገይበት፣ የተሰበረ ብርጭቆ ሁሉ የሚቈረጥበት፣ በደንበኛ ፊት የሚሰደብ ሠራተኛ ለእንግዳ የሚያሳየው ፈገግታ ከየት ይመጣል? ባለቤቱም ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ብቻ ተቀምጦ መዋል የለበትም። በመክሰስ ሰዓት፣ ይኸውም ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ተመላሽ ሳህኖችን ይመልከት። ግማሹ የቀረ ኬክና ሳይጠጣ የተተወ ሻይ፣ ደንበኛው በአፉ ያልተናገረው ቅሬታ ነው።

ሕጉም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች በማንኛውም ነጋዴ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው፣ ነጋዴውም የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ ለሸማቹ በሚታይ ቦታ መግለጥ እንዳለበት ደንግጓል። በሰሌዳው ላይ 60 ብር የተጻፈ ኬክ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 69 ብር ይሆናል። ታክሱ በሚከፈልበት ቤት ሰሌዳው ከመጀመሪያው 69 ብር ቢል ማንም አይከራከርም፤ 60 ብር አንብቦ 69 ብር የሚከፍል ሰው ግን የተታለለ ይመስለዋል። በ9 ብር ምክንያት እምነት ይጠፋል።

7. የትርፍና የኪሳራ ሒሳብ

አንዳንድ ነጋዴ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ወጪ ያበዛል ይል ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን በቁጥር መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተሰጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ቁጥር አግብቶ ሊያሰላ ይችላል።

አንድ ደንበኛ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ በየጊዜው 100 ብር ቢያወጣ፣ በ50 ሳምንት 10,000 ብር ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ 20 በመቶው ትርፍ ቢሆን፣ ይህ ሰው በዓመት 2,000 ብር ትርፍ ይሰጣል። የደረቀ ኬክ ቀርቦለት ቅር ቢለው፣ ኬኩን ለመለወጥ የሚወጣው ወጪ 40 ብር ነው። ኬኩን አልለውጥም ብሎ 40 ብር ያተረፈ ባለቤት በዓመት 2,000 ብር ያጣል፤ ይኸውም የ50 ኬክ ወጪ ነው። ደንበኛው ሦስት ወዳጆቹን ይዞ ቢቀር ደግሞ ጉዳቱ 8,000 ብር ይደርሳል።

ሁለተኛው ሒሳብ የተረፈ ዕቃ ነው። በቀን 60 ኬክ ጋግሮ 42 የሚሸጥ ቤት 18 ይተርፉታል። የአንዱ ወጪ 40 ብር ቢሆን የዕለቱ ኪሳራ 720 ብር ነው። ይህን ኪሳራ ለማምለጥ ባለቤቱ የተረፈውን በማግሥቱ ይሸጣል፤ ደንበኛውም የሚሸሸው ያን ጊዜ ነው። መፍትሔው የቆየውን መሸጥ ሳይሆን አጋገሩን መክፈል ነው። በጧት 30፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ደግሞ የጧቱ ሽያጭ ታይቶ ከ12 እስከ 15 ቢጋገር፣ ትርፍራፊው ያንሳል፤ የመክሰስ ሰዓት ደንበኛም ትኩስ ያገኛል። ይህን ለማድረግ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል፤ የተጋገረው፣ የተሸጠው፣ የተረፈውና የተመለሰው በየቀኑ ይጻፍበት።

8. ለአስመጪ፣ ለላኪና ለባለ ሱቅ የሚጠቅመው

አስመጪው ከዚህ የሚማረው፣ ዕቃ ሸጦ መለየት እንደማይበቃ ነው። የቡና ማሽን አስመጥቶ የሸጠ ነጋዴ መለዋወጫውንና የአያያዙን ትምህርት ካላቀረበ፣ በቡራዩ የቆመ አንድ ማሽን የሚቀጥሉትን አሥር ገዢዎች ያስፈራል። ገዢው የሚፈልገው ማሽኑን ሳይሆን ከማሽኑ የሚወጣውን ቡና ነውና።

ላኪው ደግሞ ናሙናና ጭነት አንድ መሆን እንዳለባቸው ከኬኩ ይማራል። በመስተዋት ሣጥን የታየው ኬክ ሌላ፣ በሳህን የቀረበው ሌላ ሲሆን ደንበኛው እንደሚሸሽ ሁሉ፣ በናሙና የታየው ቡና ወይም ሰሊጥ ሌላ፣ በመርከብ የደረሰው ሌላ ሲሆን የባሕር ማዶ ገዢም ይሸሻል። ጭነቱ ቢዘገይ መዘግየቱን ከቀጠሮው በፊት መጻፍ፣ ዕቃው ካልተሟላም አስቀድሞ መንገር፣ «እየመጣ ነው» ከሚል መልስ እጅግ ይሻላል።

ባለ ሱቁም ሰላምታውን፣ የተጠረገ ባንኮኒውን፣ የተጻፈ ዋጋውንና የተበላሸ ዕቃን ያለ ክርክር መለወጡን ከዚሁ ይወስዳል። ሰሙኒ የማያስወጡ ናቸውና ድኻና ሀብታም ነጋዴ በእኩልነት ሊያደርጋቸው ይችላል።

በመንገድ ዳር ያለች ከተማ ስም የሚወጣላት በትልልቅ ሕንጻዎቿ ብቻ አይደለም። መንገደኛው ስለ ሰበታ፣ ስለ ቡራዩ ወይም ስለ ሱሉልታ ለሌላው ሲናገር፣ በዚያ የጠጣውን ሻይና የተቀበለውን ሰው ገጽ አስታውሶ ይናገራል። የአንዱ ሻይ ቤት ጉድለት ለጎረቤቱም ይተርፋል፤ የአንዱም ትጋት እንዲሁ ለሁሉም ይተርፋል። ስለዚህ ባለ ሻይ ቤት ሁሉ ነገ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት፣ ከደንበኛው አስቀድሞ ከራሱ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጥ፤ ለደንበኛው የሚቀርበውን ሻይ ያስቀዳ፤ ለደንበኛው የሚቀርበውን ኬክ ይቅመስ፤ ከዚያም የሰሌዳውን ዋጋ አንብቦ፣ ይህን ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ በደስታ ይከፍል እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።